ሾንኬ፤ ከጨፋ ሜዳ በላይ ያለ ቅጽር

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ ወደ ቆላው የወረደ፣ ሸዋ ሮቢትን፣ ሰንበቴንና አጣዬንም ተሻግሮ ወደ ከሚሴ የቀረበ መንገደኛ፣ በስተግራው የደጋው አፋፍ ከሰማይ ጋር ተገናኝቶ ሲታየው፣ በፊቱ ደግሞ የቦርከና ወንዝ የሚያጠጣው የጨፋ ሜዳ ተዘርግቶ ይቀበለዋል። ሜዳው በክረምት የሚረግግ፣ በበጋ ለምለም ሣር የማያጣ፣ ድርቅ በበረታ ጊዜም የአፋርና የኦሮሞ አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውን ይዘው የሚሰፍሩበት ምድር ነው። ይህን ሜዳ አይቶ፣ «እንዲህ ያለ ርስት የያዘ የጥንት ባላባት ቤቱን ከወዴት ሠርቶ ይሆን?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቢኖር፣ ዓይኑን ወደ ወንዙ ዳር ሳይሆን ወደ ተራራው ጫፍ ያንሣ። የዛሬው አውራ ጎዳና ሜዳ ለሜዳ የሚሄደው፣ ከተማውም መንገዱን ተከትሎ የተቈረቈረው፣ ሰው መኪናን ካወቀ ወዲህ ነው፤ ከዚያ በፊት በዚህ አገር ሥልጣን ወይም ሀብት ወይም ሃይማኖቱን የሚጠብቅበት ምክንያት ያለው ሁሉ ከላይ ይኖር፣ ከታች ይበላ ነበር።

ምክንያቱ ስውር አይደለም። ከሚሴ ከባሕር ጠለል በላይ 1,400 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የምትገኝ ስትሆን፣ ሙቀቱና ወባው ደገኛውን ያስፈራዋል፤ ሜዳው ለፈረሰኛ የተመቸ እንደ መሆኑ መጠን ለወራሪም የተመቸ ነው፤ የሲራራ ነጋዴ የሚያልፍበት መንገድ ደግሞ ከላይ ሆኖ ለሚያይ ሰው ቀረጥ የሚቈጠርበት ክር ነው። ስለዚህ በዚህ የምሥራቅ አፋፍ ላይ ምሽግና መኖሪያ፣ ገበያና ጸሎት፣ ከአንድ ዐምባ ላይ ተገናኝተው ኖሩ። በግእዝ መጻሕፍት ማኅፈድ የሚባለው፣ በጎንደር የፋሲል ግንብ በኖራና በድንጋይ የምናውቀው፣ በዚህ ሥፍራ በብዛት አልተሠራም፤ እግዚአብሔር ራሱ ያቆመው ገደል ቅጽር ሆኖ ሳለ፣ ሰው የቀረለት ሥራ በሩን መዝጋት ብቻ ነበርና። ከበሩ በስተጀርባ ስለነበሩት ቤቶች፣ በተለይም እስከ ዛሬ ጢስ ስለሚወጣበት ስለ አንደኛው፣ ስለ ሾንኬ፣ ጥቂት ለማስታወስ ነው ይህን የምጽፈው።

በዚህ አፋፍ ላይ በድንጋይ መኖርን ካስተማሩት ዋነኞቹ የይፋት ሰዎች ናቸው። ዑመር ወላስማ በ1277 ዓ.ም. ገደማ የቀድሞውን የሸዋ ሡልጣኖች ሥርወ መንግሥት አጥፍቶ የይፋትን መንግሥት ካቆመ በኋላ፣ ልጆቹና የልጅ ልጆቹ ከደጋው ነገሥታት ጋር አንድ ጊዜ ግብር እየገበሩ፣ ሌላ ጊዜ ጦር እየመዘዙ፣ ከመቶ ዓመት በላይ ኖረዋል፤ በ1324 ዓ.ም. በዐፄ ዐምደ ጽዮንና በሰብረዲን መካከል የተደረገው ጦርነት በንጉሡ ዜና መዋዕል ተጽፎ እስከ ዛሬ ይነበባል። የመንግሥታቸው ከተሞች ፍራሽ ግን ለብዙ ዘመን የእረኛ መጠለያ ሆኖ ከኖረ በኋላ፣ በእኛ ዘመን የፈረንሳይ የአርኪዮሎጂ ሊቃውንት ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆነው ኖራን፣ አስበሪንና መሳልን ለክተው ሥለዋቸዋል። በእነዚያ ፍራሾች ላይ የሚታየው በእጅ ተመርጦ የተካበ ድንጋይ፣ በቁልቁለቱ ላይ ቤት በቤት ላይ የተደረደረበት እርከንና ሚሕራቡ የቆመው መስጊድ፣ ወደ ኋላ ለምናነሣው መንደር የአያት ፊት ናቸው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

የወላስማ ስም ከመንግሥቱ ጋር አልጠፋም። ከዑመር ወላስማ ዘመን ወዲህ ከአምስት መቶ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ፣ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን (1805–1840 ዓ.ም.)፣ የይፋት አበጋዝ ሆኖ የቆላውን በር የሚጠብቀው ሹም ያንኑ የወላስማ ስም ተሸክሞ እናገኘዋለን። ከታጁራ ተነሥቶ የአፋርን በረሓ በግመል አቋርጦ የሚመጣ እንግዳ ሁሉ፣ የጨው ነጋዴም ቢሆን የውጭ መንግሥት መልእክተኛ፣ ፋሬ ላይ ደርሶ የአበጋዝ ወላስማ መሐመድን ፈቃድ ሳይቀበል ወደ ንጉሡ መውጣት አይችልም ነበር። በ1833 ዓ.ም. የእንግሊዝን መልእክት ይዞ የመጣው ካፒቴን ሃሪስ እዚህ በር ላይ ምን ያህል እንደ ተንገላታ ራሱ በሰፊው ጽፎታል፤ ንዴቱን ከጽሑፉ ላይ ቀንሶ ለሚያነብ ሰው፣ ሹሙ ሥራውን አሳምሮ ይሠራ እንደ ነበረ ይገባዋል።

የዚህ አበጋዝ መኖሪያ ጎንጮ ይባላል። ጎንጮ በተራራ ጫፍ ላይ በአጥር የታጠረ ቤትና ከበታቹ ወህኒ ያለበት ምሽግ ነበረ። ወህኒው ለሌባና ለወንበዴ ብቻ የተሠራ አይደለም፤ በቀድሞው የግሸንና የወህኒ ዐምባ ልማድ፣ ንጉሡ ለዙፋን የሚያሰጉትን ወንድሞቹንና የሥጋ ዘመዶቹን በሰንሰለት አስሮ ያኖርበት ነበር። ነገሩን ቆም ብሎ ላየው ድንቅ ነው። ከሰሎሞን እንወርዳለን የሚሉ የክርስቲያን መሳፍንት፣ አያቶቹ ከአያቶቻቸው ጋር ሲዋጉ በኖሩ በአንድ እስላም ባላባት ቤት ታስረው፣ የዙፋኑን ሰላም የሚጠብቀው የእርሱ ቁልፍ ሆነ። ንጉሡ ከገዛ ክርስቲያን መኳንንቱ ይልቅ ወላስማን ያመነበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ወላስማ እስረኞቹን ፈትቶ ከመካከላቸው አንዱን ቢያነግሥ ለራሱ የሚያተርፈው ነገር አልነበረውም። ከእነዚያ እስረኞች የተረፉት በ1835 ዓ.ም. በምሕረት ተፈቱ፤ ከመካከላቸው ሲወጡ የፀሐይን ብርሃን ለመቋቋም የቸገራቸው እንደሚኖሩ መገመት አያዳግትም።

ከጎንጮ በላይ ደግሞ አንኮበር ነበረ። የከተማው ከፍታ ከ2,400 ሜትር ያልፋል፤ የቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ከዚያም በላይ ሾጥጦ ወጥቶ፣ በጠራ ቀን ከጫፉ የቆመ ሰው የአፋር ቆላ ከበታቹ እንደ ባሕር ተኝቶ ይታየዋል። ከመርዕድ አዝማች አምኃ ኢየሱስ ዘመን ጀምሮ የሸዋ ገዦች ከተማ ያደረጉት ይህ ኮረብታ፣ በሣህለ ሥላሴ ጊዜ ከግርጌ እስከ ጫፍ በእንጨት አጥር ተደጋግሞ የተከበበ፣ መንገዱ ከበር ወደ በር እየተጠማዘዘ የሚወጣ፣ ባለጉዳዩ በየበሩ ዘበኛና አጋፋሪ እያስፈቀደ የሚያልፍበት ነበር። ቤቱ ራሱ የሣር ክዳን ያለው፣ ሰፊ አዳራሽና እልፍኝ የነበረው እንጂ የድንጋይ ግንብ አልነበረም። በግርጌው ባለው በአልዩ አምባ ገበያ አርጎባው፣ አፋሩ፣ የሐረር ነጋዴና የደጋው ገበሬ ይገናኙበት ነበርና፣ ከላይ ያለው የንጉሥ ጎተራ ሞልቶ የሚያድረው ከታች ባለው ገበያ ምክንያት ነበር።

አንኮበር ብዙ አይቷል። በ1848 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ወደ ሸዋ ሲገሠግሡ ንጉሥ ኃይለ መለኮት ዐረፉ፤ ሕፃኑ ልጃቸው ምኒልክ ተማርከው ወደ መቅደላ ተወሰዱ። በሰኔ 1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው፣ በወይዘሮ ወርቂት አገር በወሎ በኩል አልፈው ሲመለሱ፣ የአባቶቻቸውን ኮረብታ እንደ ገና አቀኑት። በኋላ ግን መንግሥታቸው ሲሰፋ ኮረብታው ጠበባቸው፤ ወደ ልቼ፣ ከልቼ ወደ እንጦጦ፣ ከእንጦጦ ወደ አዲስ አበባ ወረዱ። አንኮበር ጥቂት ዘመን የግምጃ ቤትና የግዞት ሥፍራ ሆኖ ቆየ፤ ከዚያም የሣር ክዳኑ ወደቀ፣ አጥሩ ማገዶ ሆነ። ዛሬ ምኒልክ ካቀኑት ቤተ መንግሥት የቀረው የግንብ ቁራጭ ብቻ ሲሆን፣ በኮረብታው ላይ የቀድሞውን አዳራሽ አምሳል ይዞ የተሠራ የእንግዳ ማረፊያ ቆሟል፤ ሎጅ ይሉታል። እንግዳው ንጉሥ ግብር ያገባበት ከነበረው ሥፍራ ተቀምጦ ቡናውን እየጠጣ ፀሐይ ስትወጣ ያያል። ይህን የሚነቅፉ አሉ፤ እኔ አልነቅፍም። ደረጃውን ጠርጎ፣ መንገዱን ጠብቆ፣ ለአገሩ ልጅ የዕለት እንጀራ የሚያስገኝ ማረፊያ ካለ፣ ከእሾህና ከቀበሮ ጉድጓድ ይሻላል። ነገር ግን እንግዳው ያየው የቤተ መንግሥቱን ሥፍራ እንጂ ቤተ መንግሥቱን እንዳልሆነ ቢነገረው መልካም ነው።

እንግዲህ ወደ ሾንኬ እንመለስ። ሾንኬ በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን፣ በደዋ ጨፋ ወረዳ፣ በተራራ ጫፍ ላይ የተቀመጠ የአርጎባ መንደር ነው። የሀገሩ ትውፊት ዕድሜውን 900 ዓመት ያደርሰዋል። ከሩቅ ለሚያየው ሰው ቤቶቹ ከተራራው ተለይተው አይታወቁም፤ የግድግዳው ድንጋይ ከኮረብታው ድንጋይ የወጣ፣ የጣራው አፈርም ከዚያው የተጫነ ነውና። ሲቀርቡት ግን ግድግዳ ከግድግዳ የተጣበቀ፣ አንዱ ቤት ለሌላው ድጋፍ የሆነ፣ በየመካከሉም ሰው በአንድ ረድፍ ብቻ የሚያልፍበት ጠባብ መተላለፊያ ያለው አንድ ወጥ ቅጽር መሆኑ ይገለጣል። የግድግዳው ውፍረት የቀኑን ሐሩርና የሌሊቱን ብርድ ይመልሳል፤ ጣራው ጠፍጣፋ፣ በእንጨት ተርብርቦ በአፈር የተደመደመ ነው። በዚያ መንደር የተለየ የምሽግ ግንብ የለም፤ መንደሩ ራሱ ምሽግ ነው። ወራሪ ቢመጣ የሚሰብረው የከተማ በር አያገኝም፤ የሚያገኘው ዳገቱንና፣ ዳገቱን ከጨረሰ በኋላ ደግሞ አንድ በአንድ የሚያስገባውን ጠባብ ጎዳና ነው።

«ታዲያ የመኳንንት መኖሪያ ከዚህ ጋር ምን አገናኘው?» የሚል አንባቢ ቢኖር ጥያቄው ተገቢ ነው። በወሎና በይፋት ምድር መኳንንትነት በሁለት ወገን ይቈጠር ነበር። አንደኛው ወገን የጦርና የጋሻ፣ የርስትና የጉልት ነው፤ ሁለተኛው የኪታብና የበረከት ነው። ሼኹ ነጋሪት ባያስመታም፣ ሹመት ባይቀበልም፣ ነገሩ ከሹም ነገር ይልቅ ይሰማ ነበር፤ ቤቱ ደረሳ የሚማርበት፣ ጀማው ለሀድራ የሚሰበሰብበት፣ የተጣላ የሚታረቅበት፣ መንገደኛም የሚያድርበት አዳራሽ ነበር። ለመንፈሳዊ ልዕልና የተሠራ ቅጽር ከሥጋዊው ባላባት ግቢ ያነሰ የሚጠበቅ ነገር አልነበረውም፤ መጻሕፍቱ በእጅ የተጻፉ፣ ቢቃጠሉ የማይተኩ ናቸውና።

ይህ ጥንቃቄ ከንቱ አልነበረም። በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ከተደረገው ጉባኤ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ የወሎ እስላሞች ክርስትና እንዲነሡ ባዘዙ ጊዜ፣ ከታላላቆቹ መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ እርሳቸውም ከብዙ ዘመን በኋላ፣ በግንቦት 1906 ዓ.ም.፣ በደሴ ንጉሥ ተብለው ዘውድ ጫኑ። ብዙ ሕዝብ ግን ወደ ቆላ ሸሸ፤ ሌላው በቀን የታዘዘውን አድርጎ በሌሊት የአባቱን ሰገደ። ሼኽ ጦልሓ ቢን ጀዕፈር በዚህ ጊዜ ትእዛዙን ተቃውመው ተነሡ፤ የአርጎባ ተራሮችም ከዋና መጠጊያዎቻቸው አንዱ ሆኑ። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ዕርቅ ወርዶ ሼኹ በሰላም ኖሩ፤ ያረፉትም በጣልያን ወረራ ዘመን ነው። የሾንኬው ሼኽ ጀውሀር ቢን ሐይደርም የዚያው ዘመን ሰው ናቸው፤ ትምህርታቸውና በረከታቸው በወሎ ሁሉ ይነገር ስለ ነበረ፣ ሾንኬ የዚያራ ሥፍራ ለመሆን በቃ። የወሎን የእስልምና ታሪክ ከሊቃውንቱ የጽሑፍ ቅርስና ከሽማግሌዎች ቃል አሰባስቦ ለዓለም ያቀረበው የታሪክ ሊቅ ፕሮፌሰር ሑሴን አሕመድ የእነዚህን ሼኾች ስም ከመረሳት አድኖታል።

ስለዚህ ገደሉ የጠበቀው ሰውን ብቻ አይደለም። የአርጎባ ቋንቋ በይፋት በኩል በየሥፍራው ለአማርኛና ለኦሮምኛ ቦታውን እየለቀቀ በሄደበት ዘመን፣ በሾንኬና በጎረቤቷ በጦልሓ መንደር የሚነገረው የአርጎባ ቃል ሳይጠፋ ቆይቷል፤ የቋንቋ ሊቃውንትም ይህ ከሌላው አርጎባ አነጋገር በብዙ የሚለይ ስለ ሆነ ለብቻው እያጠኑት ነው። ከበታቹ ያለው ሜዳ ኦሮምኛ ይናገራል፤ ደገኛው አማርኛ ይናገራል፤ ከመካከሉ ያለው ተራራ በሦስቱም ይገበያያል። የአርጎባ ሰው በአገሩ በሽመናና በንግድ የታወቀ ስለ ሆነ፣ ከተራራው ጫፍ ተቀምጦ የሸመነውን ይዞ ሰኞ ሰኞ ባቲ፣ እሑድ እሑድ ሰንበቴ ወርዶ መሸጥ የቀደመ ኑሮው ነው። የአፋሩ አሞሌና ግመል፣ የኦሮሞው ቅቤና ከብት፣ የደገኛው ገብስና የአርጎባው ኩታ በእነዚያ ገበያዎች ሲገናኙ ኖረዋልና፣ ከላይ ያለው መንደር የተዘጋ ገዳም ይመስል እንደ ነበረ የሚያስብ ሰው ይሳሳታል። በሩ ጠባብ ነው፤ ነገር ግን ከበሩ ሰው ይገባም ይወጣም ነበር።

ዛሬ በአንኮበር የሆነው በሾንኬ አልሆነም፤ ምናልባት ገና አልሆነም ብል ይሻል ይሆናል። ቤቶቹ የሰው መኖሪያ ናቸው፤ እንግዳ ሲመጣ የሚያሳየው ጠባቂ ወይም የመግቢያ ትኬት የሚቈርጥ ሰው ሳይሆን የቤቱ ባለቤት ነው። ጎብኚ እየበዛ መጥቷል፤ ፎቶግራፍ አንሥቶ በዕለቱ የሚመለሰው ይበዛል፤ አድሮ የሽማግሌ ቃል የሚሰማው ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ሾንኬን የሚያሰጋው ጎብኚው አይደለም። ቀድሞ ሰው ወደ ላይ ያወጣው ሥጋት ሁሉ ቀርቷል፤ ወራሪ የለም፣ ስለ ሃይማኖቱ የሚያሳድደው ንጉሥ የለም፣ ወባውም መድኃኒት አገኘ። የቀረው የዳገቱ ችግር ብቻ ነው፤ ውኃ ከታች ይቀዳል፣ እርሻው ከታች ነው፣ ትምህርት ቤቱና ሐኪም ቤቱ ከታች ነው። ስለዚህ ብዙ ቤተሰብ ወደ እርሻው ቀርቦ በግርጌው ቤት ሠራ፤ ወጣቱም ወደ ከሚሴና ከዚያም ወዲያ ሄደ። የቀሩት ጥቂቶች ናቸው፤ ከእነርሱም የሚበዙት አዛውንት ናቸው።

የጭቃ ጣራ እንደ ሣር ክዳን በጥቂት ዓመት አንድ ጊዜ የሚለወጥ አይደለም፤ በየዓመቱ እንክብካቤ ይፈልጋል። ዝናብ በጀመረ ጊዜ የተሰነጠቀውን መድፈን፣ የበቀለበትን አረም መንቀል፣ በበጋም አዲስ አፈር ማልበስ ያስፈልጋል። ቤቱ ሰው ሲያድርበት ይህ ሁሉ እንደ ሥራ ሳይቈጠር ይሠራል፤ ሰው ሲለቀው ግን ውኃው በስንጥቁ ገብቶ ወጋግራውን ያበሰብሰዋል፣ ወጋግራው ሲወድቅ ጣራው ይከተላል፣ ግድግዳውም ያለ ጣራ ሲቀር ቤት ከቤት የተደገፈ እንደ መሆኑ መጠን ጎረቤቱን ይዞ ይወርዳል። ኖራና አስበሪ የጠፉት በእሳትና በሰይፍ ብቻ ነው ብለን እናስብ ይሆናል፤ እኔ ግን ሰው ከወጣላቸው በኋላ ሥራውን የጨረሰው ክረምቱ ይመስለኛል።

አንዳንዶች ሾንኬንም እንደ አንኮበር የእንግዳ ማረፊያ ማድረግ ይበጃል ይላሉ። ሐሳቡን ጠልቼ አይደለም፤ በገደሉ ግርጌ ቢሠራና ትርፉ ለመንደሩ ቢሆን ጥቅሙ ለሁሉም ነው። ነገር ግን በራሱ በቅጽሩ ውስጥ አልጋ ተነጥፎ፣ ሼኹ ኪታብ ሲቀሩበት የኖሩት ክፍል ቍጥር ተለጥፎበት ማየት አልሻም። አንኮበር ባዶ ኮረብታ ሆኖ ነበርና ማረፊያ ቢሠራበት ማንንም አላስወጣም፤ ሾንኬ ግን ገና ያዳሪ ቤት ነው።

ስለዚህ ቃሌ ለባለሥልጣንና ለጎብኚ ብቻ አይደለም። ከሾንኬና ከጦልሓ ወርዳችሁ በከሚሴ፣ በሸዋ ሮቢት፣ በኮምቦልቻ ወይም ከዚያ ርቃችሁ የምትኖሩ ልጆች፣ በየዓመቱ ለዒድ ወደ ወላጆቻችሁ ስትወጡ ከስኳሩና ከጨርቁ ጋር የአንድ ሳምንት ጉልበት ይዛችሁ ውጡ፤ ክረምት ሳይገባ የአያታችሁን ጣራ አፈር አልብሱት፤ የተቀመጡትንም ኪታቦች ከግድግዳው እርጥበት አርቃችሁ፣ ስማቸውንና የባለቤታቸውን ስም በመዝገብ ጻፉልን።